በትንፋሽ ገብቶ ራስ ላይ የሚወጣ

ዲማ ጊዮርጊስ በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸና በኩል የሚገኝ፣ አቡነ ተከስተ ብርሃን መሠረቱት የሚባል ጥንታዊ ገዳም ነው። ስሙን ከአባይ ማዶ ያስጠራው ግን ጉባኤ ቤቱ ነው። ቅኔ ሊቆጥር፣ መጽሐፍ ሊሰማ ከየአገሩ የሚመጣው ተማሪ በደብሩ ዙሪያ በቀለሳት ጎጆ ሁለትም ሦስትም እየሆነ ያድር ነበር። ጎጆዋ መስኮት የላትም። አገሩ ደጋ ነውና በሯ በጊዜ ይዘጋል፤ እሳት ይነዳል፤ ደበሎ ለባሹ ተጠጋግቶ ይተኛል። አንዱ ሲያስል የተነፈሰውን ሌላው መልሶ ይተነፍሰዋል።

በዚያ ዘመን ሳል የቤት ነገር ነበር። ብርድ ነው ይባላል፣ ውጋት ነው ይባላል፤ ፌጦ ይበጠበጣል፣ ነጭ ሽንኩርት ይበላል፣ ለምቹ ዳማከሴ ይታሻል። ሕመምተኛው በአምስተኛው በስድስተኛው ቀን መቃዠት ከጀመረ፣ ሰው መለየት ካቃተው ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ነገሩ ሌላ ስም ያገኛል። ለከፈው ተብሎ ጠበል ይወሰዳል። ደረቱን ያመመውና ራሱን ያዞረው አንድ በሽታ ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር ብዙ አልነበረም። ይህን የምለው አባቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። አውሮጳም ቢሆን የሳንባውን ሐኪም በአንድ ሕንፃ፣ የነርቩን በሌላ አስቀምጦ ለረጅም ዘመን ሳያገናኛቸው ኖሯል።

ክሩን አስቀድመው የነኩት ጥቂቶች ናቸው። ሮበርት ዊት የተባለው የኤድንበርግ ሐኪም ከሞተ በኋላ በ1768 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፉ፣ ትኩሳት ይዟቸው፣ ራሳቸውን አሟቸው፣ አስመልሷቸው በመጨረሻ በእንቅልፍ መሰል ሰመመን ስለሚያልፉ ሕፃናት ጻፈ። ሬሳቸውን ሲከፍት አንጎላቸው ውስጥ ውኃ አገኘ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ጀርባቸው እየጎበጠ እግራቸው ስለሚዝል ሰዎች ጻፈ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ሳንባ ነቀርሳ መሆኑን አላወቁም ነበር። ሮበርት ኮህ ተህዋሱን በርሊን ላይ ለሳይንስ ዓለም ያሳየው በ1882 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ መጋቢት 1874 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተገለጠ። ባሲል የሚባለው ይህ ተህዋስ በትንፋሽ ይገባል፤ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል። ሰውነት ዙሪያውን አጥሮ ያስረዋል። ጥቂቱ ግን ከአጥሩ ሾልኮ በደም ይጓዝና አንጎል ሽፋን አጠገብ ወይም አከርካሪ አጥንት ውስጥ ያደፍጣል። ወራት ወይም ዓመታት ቆይቶ ያ ትንሽ ቋጠሮ ሲፈርስ መግሉ ወደ አንጎል ሽፋን ይፈስሳል፤ የዊት ሕፃናት የሞቱት በዚህ ነው። አከርካሪው ላይ ሲሆን ደግሞ አጥንቱ በፊት ለፊቱ በኩል ይበላና ይደረመሳል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ ሕብለ ሰረሰሩ ይጨፈለቃል፣ እግር ይሰንፋል። በየገበያው ስናያቸው የኖርናቸው ጎባጦች ጥቂት የማይባሉት ሳል ሳይታይባቸው የሳንባ ነቀርሳ ያጎበጣቸው ናቸው።

ከዚያ 1911 ዓ.ም. መጣ። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ብዙ አልቆየም፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ከተከፈተም አሥር ዓመት አልሞላውም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወታደሩን በመርከብና በባቡር ሲያመላልስ ኢንፍሉዌንዛ የተባለው የሳንባ ወረርሽኝ አብሮት ይመላለስ ነበር። አውሮጳ ውስጥ ተኩስ የቆመው ኅዳር 2 ቀን ነው። አዲስ አበባ ሬሳዋን መቅበር ያቃታት በዚያው ወር ነው። በሽታውም የወሩን ስም ወሰደ፤ የኅዳር በሽታ ተባለ።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ተረፉ። በኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ከ10,000 በላይ ሰው እንደሞተ ጽፈዋል። ከተማዪቱ ያኔ ምን ያህል ሰው እንደነበራት ለሚያስብ ይህ ከባድ ቁጥር ነው።

ያ በሽታ ሰውን የሚገድልበት መንገድ ሐኪሞችን አስደንግጦ ነበር። ጎልማሳው ሰው በጠዋት ሳል ይጀምረዋል፤ በነጋታው ወይም በሠልስቱ ሳንባው ውኃ ይቋጥራል፤ ከንፈሩና ጆሮው ይጠቁራል። ያ ጥቁረት ደሙ ኦክስጅን እንዳጣ ይናገራል። አንጎል ደግሞ ከሰውነት ክብደት 2 ከመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከሚገባው ኦክስጅን 20 ከመቶውን ብቻውን የሚበላ ሆዳም እንግዳ ነው። ማዕዱ ሲጎድል ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ይዘባርቃል፣ ይነሣና ይሮጣል፣ የሞተ ዘመዱን ያነጋግራል፤ ከዚያ ዝም ይላል።

ሌላም መንገድ አለ፤ ሊቃውንቱ የደረሱበት ብዙ ቆይተው ነው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ አንጎል ውስጥ የሚገኘው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ሰውነት ቫይረሱን ለመውጋት የሚለቃቸው ኬሚካሎች ግን በደም ይጎርፋሉ፤ አንጎልን ከደም የሚለየውን ጥብቅ አጥር ያላሉታል፤ የነርቭ ሕዋሳቱን ያውካሉ። ጦርነቱ ሳንባ ላይ ሆኖ እሳቱ ራስ ላይ ይነዳል ማለት ነው። «ትኩሳቱ ራሱ ላይ ወጣበት» የሚለው የእኛ ሰው አነጋገር ሐኪሞቹን በብዙ ዓመት ቀድሟቸዋል፤ ቀድሟቸው ግን ከጠበል ሌላ መፍትሔ አልነበረውም።

የቦስተኑ ወጣት ሐኪም ካርል ሜኒንገር በ1919 እ.ኤ.አ. ኢንፍሉዌንዛ ይዟቸው አእምሯቸው የታወከባቸውን 100 ሰዎች መዝግቦ አሳተመ። አንዳንዶቹ ትኩሳቱ ሲለቃቸው ዳኑ። ሌሎቹ ትኩሳቱ ከለቀቃቸው በኋላ ነው የታወኩት። በዚያው ዘመን ቪየና ላይ ሌላ ጉድ ታይቶ ነበር። ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ የተባለው የነርቭ ሐኪም በ1917 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ የእንቅልፍ በሽታ ጻፈ። ታማሚው እየበላ ይተኛል፣ ቆሞ ይተኛል፤ ከሞት የተረፈውም ከዓመታት በኋላ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ፊቱ እንደ ጭንብል ደርቆ፣ መንቀሳቀስ ተስኖት ይቀራል። በሽታው እስከ 1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ ዓለምን ዞሮ ጠፋ። ከተራፊዎቹ ጥቂቶቹን በ1969 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ኦሊቨር ሳክስ ኤልዶፓ በተባለ መድኃኒት ለአጭር ጊዜ ቀሰቀሳቸው።

ይህን የእንቅልፍ በሽታ የኅዳር በሽታ ልጅ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልቸኩልም። ከኢንፍሉዌንዛው አስቀድሞ ታይቷል፤ በኋላ ዘመን ከተቀመጡ የአንጎል ናሙናዎች ውስጥም የኢንፍሉዌንዛው ቫይረስ ተፈልጎ አልተገኘም። ሁለቱ በአንድ ዘመን መምጣታቸው ዝምድናቸውን አያረጋግጥም።

አዲስ አበባ ያንን ኅዳር ያለፈችው በጭስ ነው። ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ ግቢ ተጠርጎ ጉድፉ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል፤ ዛሬም አልቀረም። የሳንባ ወረርሽኝን በጭስ ማስታወሳችን ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ አስም ያለባት አሮጊት ያን ቀን መስኮቷን ዘግታ ነው የምትውለው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ መድኃኒት መጣ። ስትሬፕቶማይሲን አሜሪካ ውስጥ በ1943 እ.ኤ.አ. ተገኘ። ከዚያ በፊት የአንጎል ሽፋን ነቀርሳ የያዘው ልጅ ይሞታል፤ አራት ነጥብ። አሁን የሚተርፍ ተገኘ፤ መድኃኒቱ በጀርባ መርፌ ሕብለ ሰረሰሩ ወዳለበት እየተሰጠ፣ ለወራት። ግን ስትሬፕቶማይሲን የጆሮን ነርቭ ይጎዳል። ከሞት የተረፈው ልጅ እናቱ ስትጠራው አይሰማም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ የሳንባ በሽታ ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱም ነርቭ ላይ ይወጣልና። አይሶናያዚድ ሰውነት ቫይታሚን ቢ6ን እንዳይጠቀም ስለሚያደርግ ከጊዜ በኋላ እግር መዳፉ ላይ መቆጥቆጥ፣ መደንዘዝ፣ እሳት የረገጠ ያህል ማቃጠል ያመጣል። ኤታምቡቶል የዓይንን ነርቭ ይነካና ቀይና አረንጓዴ መለየት ያቅታል። ክኒኑን የጀመረ ገበሬ እግሩ ሲቃጠል «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ያቆማል። ካቆመ ደግሞ ባሲሉ ይመለሳል፤ ይህን ጊዜ መድኃኒት የለመደ ሆኖ ነው የሚመለሰው። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ፒሪዶክሲን የሚባል ትንሽ ክኒን ከአይሶናያዚዱ ጋር መስጠት። በእንጦጦ ግርጌ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሳንባ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ ኖሯል። መድኃኒቱን በጤና ባለሙያ ዓይን ሥር የማስዋጡ አሠራር የተሞከረው ግን በ1992 እ.ኤ.አ. በአርሲና በባሌ ነው፤ ከዚያ ወደ ሌላው አገር ተስፋፋ።

በመካከሉ የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ተጀመረ። በእናቶች ካርድ ላይ ዘጊ አነቅ፣ ትክትክና መንጋጋ ቆልፍ ጎን ለጎን ተጽፈው ሲታዩ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጉሮሮና የሳንባ ነገር ብቻ ይመስላሉ። አይደሉም። የዘጊ አነቅ ተህዋስ ከጉሮሮ አይወርድም፤ መርዙ ግን ይወርዳል። ጉሮሮው ዳነ ከተባለ ሳምንታት በኋላ ልጁ የጠጣው ውኃ በአፍንጫው ይመለሳል፤ የላንቃው ነርቭ ሽባ ሆኗልና። ትክትክ የያዘው ጨቅላ ደግሞ በሳሉ ትንፋሽ እያጣ ይጠቁራል፣ ያንቀጠቅጠዋል። ኩፍኝም በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው፤ ከብዙ ሺህ አንዱን ልጅ ለስድስት ለሰባት ዓመት ረስቶት ከቆየ በኋላ አንጎሉን ቀስ በቀስ ያጠፋዋል። የክትባት ካርዷን የምታስቀምጥ እናት የልጇን አንጎል እየጠበቀች መሆኑን የነገራት የለም።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ማጅራት ገትር ሁለት ጊዜ አገሪቱን አጠቃ፤ በ1981 እና በ1989 እ.ኤ.አ.፣ በሁለቱም ጊዜ አሥር ሺዎች ታመዋል። ተህዋሱ በጤነኛ ሰው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ተቀምጦ በትንፋሽ ይዞራል። በደረቁ በጋ፣ አቧራና ብርድ ጉሮሮን ሲያቆስሉ ደም ውስጥ ሾልኮ ይገባል፣ በሰዓታት ውስጥም የአንጎልን ሽፋን ይይዛል። ዝናቡ ሲጥል ወረርሽኙ ይበርዳል። ለዚህኛው የጉሮሮ ነገር ጠንካራ ምላሽ የተገኘው ብዙ ቆይቶ ነው፤ ለአፍሪካ ተብሎ የተሠራው የኤ ዓይነት ክትባት በ2013 እና በ2015 እ.ኤ.አ. መካከል በሦስት ዙር ኢትዮጵያ ውስጥ ተሰጠ።

በዚህ ሁሉ መካከል ኤች አይ ቪ መጣና አሮጌውን መንገድ ሁሉ ከፈተው። ሰውነት አጥር ማጠር ሲያቅተው ታስሮ የኖረው ባሲል ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ከወፍ ኩስ ጋር የሚበንና በትንፋሽ የሚገባ ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስም አብሮ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ጠበል ቦታዎቻችን የሞሉት ራሱን በሚያመው፣ በሚያስመልሰው፣ በሚቃዥ ወጣት ነበር። ብዙዎቹን ቤተሰቦቻቸው ያመጧቸው ተለክፈዋል ብለው ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጠበል ቦታዎች ተደርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አክታቸው ከተመረመረ ጠበልተኞች መካከል የሳንባ ነቀርሳ ያለባቸው ሰዎች እንደነበሩ አሳይቷል። ጠበሉን የሚከለክል የለም። ጠበሉ አጠገብ የአክታ ዕቃ የያዘች ነርስ መቆሟ ግን ቀድሞ ሊሆን ይገባ የነበረ ነገር ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር የብዙዎቹ ራስ የተረፈው ሳንባቸው በመትረፉ ነው።

ስለ ደጋው አንድ ነገር ልጨምር። የጎጃሙ ጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው እጅግ ያነሰ ነው። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምራ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ የደማቸው ኦክስጅንም ሆነ ሄሞግሎቢናቸው ከባሕር ዳርቻ ሰው ጋር የተቀራረበ ሆኖ አገኘችው። የአንዲስና የቲቤት ደገኞች እንዲህ አይደሉም። ደስ የሚል ዜና ነው፤ ግን ጤነኛውን ነው የሚመለከተው። ሳንባው በምች የተያዘ የደጋ ልጅ ከቆላው ልጅ ቀድሞ ኦክስጅን ያልቅበታል፤ የሚተነፍሰው አየር ራሱ ስስ ነውና።

ለዚህ ነው የጤና ኬላው መዝገብ የሚያስደንቀኝ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው የሳንባ ምችን እንዲያክሙ ሲሠለጥኑ የተሰጣቸው ቅጽ የሚያስል ልጅን ደረት በመስማት አይጀምርም። እናቲቱ ልጇን አዝላ ትገባለች፤ ሠራተኛዋ ገና ሳታስቀምጣት ትጠይቃለች፦ «እታለም፣ ይጠባል? የዋጠውን ሁሉ ያስመልሳል? አንቀጥቅጦት ነበር?» ከዚያ ልጁን ጠራ ጠራ አድርጋ ትነካካዋለች፤ ዓይኑን ገልጦ ያያታል ወይስ ፈዝዟል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። ትንፋሹን በሰዓቷ የምትቆጥረው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ሁለት ወር አልፎት ዓመት ላልሞላው በደቂቃ 50፣ ከዓመት በላይ ለሆነው 40 ከደረሰ የሳንባ ምች ነው። ሳሉና መፍዘዙ በአንድ ቅጽ ላይ ተገናኙ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ አስታወቀ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ ተለየ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ይህ የሳንባ በሽታ ግን ገና ከመጀመሪያው የነርቭ ምልክት ይዞ ነው የመጣው። ቡናው ይቆላል፣ ጭሱ ይታያል፣ ሽታው የለም። ዕጣኑ ይጨሳል፤ ሽታው የለም። ብዙ ሰው መታመሙን ያወቀው ሳይስል በዚህ ነው።

በመጀመሪያ ቫይረሱ የሽታ ነርቮችን በላ ተባለ። ምርመራው ሲጠልቅ በአብዛኛው የሚያጠቃው ነርቮቹን ሳይሆን አጠገባቸው ቆመው የሚደግፏቸውን ሕዋሳት ሆኖ ተገኘ፤ ለብዙዎች ሽታው የተመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። የከበዳቸው ሌላ መንገድ ሄዱ። ደማቸው ረግቶ አንጎላቸው ላይ የወደቀባቸው አሉ፤ ጊላን ባሬ በተባለው የነርቭ በሽታ ከእግራቸው ጀምሮ የዛሉም አሉ። ጣታቸው ላይ የተሰካው መለኪያ ኦክስጅናቸው ወርዷል እያለ እነሱ ግን ምንም አልሆንኩም የሚሉ ሕሙማን ሐኪሞቹን አስጨንቀዋል፤ ባሕር ጠለል ላይ 90 ከመቶ የሚባለው የአደጋ ወሰን በደጋ 87 ነው፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሽቅብ የሚሠራ ሐኪም ቁጥሩን እንደ መጽሐፉ ብቻ አንብቦ አይበቃውም።

በ2022 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርዷ ግዌናዬል ዱዎ ከባልደረቦቿ ጋር የ785 ሰዎችን የአንጎል ምስል አነጻጽራ አሳተመች። ምስሉ የተነሣው ሁለት ጊዜ ነው፤ በመካከሉ 401ዱ ኮሮና ይዟቸው ነበር። የታመሙት ሰዎች ከሽታ ጋር የተያያዙት የአንጎል ክፍሎቻቸው ካልታመሙት ይልቅ ቀጥነው ታዩ፤ አብዛኞቹም ሆስፒታል የተኙ አልነበሩም። ልዩነቱ በአማካይ ትንሽ ነው፤ ማስፈራሪያ ማድረግ አይገባም። ግን ከበሽታው በኋላ ወራት አልፈው «ራሴ ጭጋግ ሆነብኝ፣ የያዝኩትን ቃል እረሳለሁ» የሚሉ ሰዎች ልብ ወለድ እንዳላመጡ ያሳያል።

ክትባቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. መሰጠት ተጀመረ። ሽታቸው ላልተመለሰላቸው ደግሞ ሐኪሞች የሚያዙት መድኃኒት ሳይሆን ልምምድ ነው። ጀርመናዊው ቶማስ ሁመል በ2009 እ.ኤ.አ. የሞከረው ሲሆን አራት ሽታ ይፈልጋል፦ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ባሕር ዛፍ። ጽጌረዳው ባይገኝ ሦስቱ ከጎጃም ጓዳና ጓሮ አይጠፉም። አንዱን ለጥቂት ሰከንድ ማሽተት፣ ጥቂት ማረፍ፣ ሌላውን ማሽተት፤ በጠዋትና በማታ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። የሽታ ነርቭ ከሌሎቹ ነርቮች ተለይቶ ዕድሜ ልኩን ራሱን የሚተካ ነውና ልምምዱ ያንን እንደሚቀሰቅስ ይታሰባል።